የእንግዳ ዓይን

ሰው ከአምስቱ የስሜት ሕዋሳቱ መካከል ዓይኑን አብልጦ ይወዳል። የግሪኩ ፈላስፋ አሪስቶትል «ሜታፊዚክስ» በተባለው መጽሐፉ መግቢያ ላይ ሰው ሁሉ በተፈጥሮው ዕውቀትን የሚመኝ መሆኑን ከገለጠ በኋላ፣ ለዚህ ቃሉ ምስክር አድርጎ ያቀረበው ይህንኑ የዓይን ፍቅር ነው። የምንሠራው ሥራ ሳይኖር፣ የምናተርፈውም ትርፍ ሳይታሰብ፣ ማየት ብቻውን ደስ ያሰኘናል። ስለዚህም ነው ሰው የሳምንት ሥራውን ፈጽሞ ዕረፍት ባገኘ ጊዜ ተራራ ለማየት፣ ውሃ ለማየት፣ ያላየውን አገር ለማየት ከቤቱ የሚነሣው።

ይኸም ደስታ ከደስታዎች ሁሉ ንጹሕ መስሎ ይታየናል። የሚበላ ሰው ከማዕዱ ይቀንሳል፤ የሚገዛ ሰው ከገበያው ያጎድላል፤ የሚያይ ሰው ግን ከሚያየው ነገር ላይ ምን ይቀንሳል? ሺህ ዓይን ቢያርፍበት ከሐይቁ አንድ ጭልፋ ውሃ አይጎድልም። «ማየት ምን ይጎዳል?» የሚለው የዘወትር አነጋገራችንም ከዚሁ እምነት የመነጨ ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ይህ እምነት እውነት መሆን አለመሆኑን ጥቂት ልንመረምር እንወዳለን። ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፤ ለማየት ብሎ የሄደ ሰው ላየው ነገር ዕዳ አለበትን? ወይስ እንደ ነፋስ አልፎ ቢሄድ የሚጠይቀው የለም?

ጥያቄውን ያነሣነው ከመጻሕፍት ብቻ አይደለም። በወሎ ሰፈር ጎረቤቶቻችን የሆኑ ባልና ሚስት ከአንድ የሽርሽር ጉዞ ከተመለሱ በኋላ በዚሁ ነገር ተከራከሩ። ባል በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ ሚስትም አስተማሪ ናት። ክርክራቸውንም በአንድ የእሑድ ቡና ላይ ለእኛ አቅርበው ፍርድ ጠየቁን። እኛም በዚያ ሰዓት ሁለቱንም እውነት ናችሁ ብለን፣ ቡናችንን ጠጥተን፣ ምንም ሳንፈርድ ወደ ቤታችን ገባን። እንዲህ ያለው ፍርድ ለሸምጋዩ እንጂ ለተሸምጋዮቹ የማይጠቅም መሆኑን የተረዳነው ዘግይተን ነው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ እንደ ዘገየ መልስ ይቁጠሩልን።

በባሕር ጠረፍ የሚኖሩ ሕዝቦች ባልና ሚስት ለሽርሽር ባሰቡ ጊዜ ፀሐይ የሞላበትን ዳርቻ ተከትለው በመኪና ከከተማ ወደ ከተማ መጓዝን ይመርጣሉ። ለእኛም አገር ሰው በአንድ ዘመን ይህ ዕድል ነበረ። አቅም ያለው ሰው ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ካለችው ከአሥመራ ተነሥቶ፣ እየተጠማዘዘ በሚወርደው 115 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ምጽዋ ደርሶ በቀይ ባሕር ይታጠብ ነበር። በሚያዝያ ወር 1985 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ኤርትራ ራሷን የቻለች አገር ከሆነች ወዲህ ግን ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የላትም። የአዲስ አበባ ሰው ፀሐይና ውሃ ባንድነት ባማሩት ጊዜ ፊቱን የሚያዞረው ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ነው። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታ፣ ሻላ፣ ሐዋሳም ወደ ደቡብ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ተከታትለው ስለ ተቀመጡ ለመንገደኛው እንደ አንድ ረጅም ጠረፍ ሆነው ይታዩታል።

ጎረቤቶቻችንም ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ በአንድ የጥር ቅዳሜ ማለዳ ተነሡ። ከወሎ ሰፈር የኢትዮ ቻይና ወዳጅነት ጎዳናን ይዘው ወደ ጎተራ ወረዱ፤ ቃሊቲን አልፈው በቱሉ ዲምቱ ወደ ፈጣኑ መንገድ ገቡ፤ ሞጆ ሲደርሱም ወደ ደቡብ ታጠፉ። ከደጋው ወደ ሸለቆው፣ ወደ 1,600 ሜትር ከፍታ ገደማ ሲወርዱ ሹራባቸውን አውልቀው የመኪናውን መስኮት ከፈቱ። ከተጋቡ አምስት ዓመት ቢሆናቸውም ሁለቱ ብቻቸውን አብረው መንገድ ሲሄዱ ይህ የመጀመሪያቸው ነበርና፣ ደስታቸው ልዩ እንደ ነበረ ሁለቱም በየበኩላቸው ነግረውናል። ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኋላ የተነሣው ክርክር ከክፉ ልብ ያልመጣ መሆኑን አንባቢ እንዲያውቅልን ነው።

ዛሬ ባቱ በምትባለው በዝዋይ ከተማ በሐይቁ ዳር ቆመው የተጠበሰ ቆሮሶ በሉ። አባ ኮዳ የሚባሉት ራሰ በራ ወፎች የዓሣውን ትራፊ ሲጠብቁ አይተው ሳቁ። ከሩቅ በሚታየው ደሴት በቱሉ ጉዶ ላይ የደብረ ጽዮን ገዳም አለ፤ በትውፊት እንደሚነገረው በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ወጥታ የተጠለለችው በዚያ ነው። እነርሱም ደሴቲቱን ከዳር ሆነው ፎቶግራፍ አንሥተው አለፉ። ማታ ላንጋኖ ደረሱ። የላንጋኖ ውሃ በውስጡ ከሚንሳፈፈው ደቃቅ አፈር የተነሣ የጠላ መልክ አለው፤ ቢሆንም ለዋናተኛ የተመቸ ነው። በዚያ ዋኝተው፣ የፀሐይዋን መጥለቅ አይተው፣ በዳርቻው አደሩ።

በማግሥቱ ወደ አብያታ ሄዱ። አብያታና ሻላ በአንድ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ጎን ለጎን ያሉ ሐይቆች ናቸው፤ ጠባያቸው ግን እጅግ የተለያየ ነው። ሻላ 266 ሜትር የሚጠልቅ፣ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ሁሉ ጥልቁ ነው። አብያታ ግን እንደ ሰፊ ሳሕን ነው፤ ጥልቀቱ ጥቂት ስለ ሆነ የሚመግበው ወንዝ ባነሰ ጊዜ ውሃው ከዳርቻው ፈጥኖ ይሸሻል። ባልየውም ፍላሚንጎዎቹን በቅርብ ለማንሣት ሲል መኪናውን በነጩና በጠፍጣፋው መሬት ላይ ወደ ውሃው መንዳት ጀመረ። በዚህ ጊዜ ፍየል የሚጠብቅ አንድ ልጅ እየሮጠ መጥቶ አስቆመው፤ መሬቱ ከላይ የደረቀ ቢመስልም ከሥሩ ጭቃ ነውና መኪና ይውጣል አለው። ልጁ አማርኛ የተማረው በመንገድ ዳር ከሰል በመሸጥ ነው። ከልጁም በኋላ አያቱ የሆኑ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ይዘው ቀስ እያሉ ደረሱ።

ሚስት ከመኪናው ወርዳ፣ «አባቴ፣ እንደምን አደሩ?» አለቻቸው። ሽማግሌውም በኦሮምኛ መለሱ፤ ልጁም አስተረጎመ። ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናሙ፣ ስለ ቤተ ሰቡ ከተጠያየቁ በኋላ ሽማግሌው በምርኩዛቸው መኪናው የቆመበትን መሬት ነክተው እንዲህ አሉ፤ «ልጄ፣ እኔ ጎልማሳ ሳለሁ እዚህ ከቆምሽበት ላይ ውሃው እስከ ደረትሽ ይደርስ ነበር። ዓሣም ነበረበት። እነዚያ ነጫጮቹ ትልልቅ ወፎች በሻላ ደሴት ላይ እየፈለፈሉ፣ ለጫጩቶቻቸው ዓሣ የሚወስዱት ከዚህ ነበር። ዓሣው ሲያልቅ እነርሱም ቀሩ።»

ሽማግሌው የተናገሩት የግል ትዝታ ብቻ አይደለም። ፔሊካኖች በሻላ ደሴት ጎጆ ሠርተው ምግባቸውን ከአብያታ ይለቅሙ የነበረ መሆኑ፣ ውሃው እያነሰ ጨዋማነቱ በበረታ ጊዜ ዓሣው የጠፋ መሆኑ፣ ሐይቁም በ1960ዎቹ ዓ.ም. ከነበረው ስፋት ግማሽ ገደማ ያጣ መሆኑ በአጥኚዎች የታወቀ ነገር ነው።

ባልየው ግን ፀሐይዋ ከፍ ሳትል ለማንሣት ቸኩሎ ነበርና፣ ሽማግሌው ሐይቁን ከኋላቸው አድርገው እንዲቆሙለት በልጁ በኩል ለመናቸው። እርሳቸውም ቆሙ። ከተነሡም በኋላ፣ «ይህን ሥዕል ለማን ታሳያላችሁ?» ብለው ጠየቁ። እርሱም እየሣቀ፣ «ለወዳጆቻችን» አለ። «እንግዲያስ ውሃው መሸሹንም ንገሩልኝ» አሉት። እሺ ብሎ ተሰናበታቸው።

ሲመለሱ በቡልቡላ አቅራቢያ በመንገዱ ዳር በማዳበሪያ ጆንያ የተደረደረ ከሰል አዩ። ዋጋው ከወሎ ሰፈር ዋጋ በብዙ የቀለለ ነበርና ሁለት ጆንያ ገዝተው ከመኪናው በስተኋላ ጫኑ። በሳምንቱ ወዳጆቻቸው ለቡና ተጠሩ፤ ፎቶግራፎቹም ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ። የሽማግሌው ሥዕል ከሁሉ ይልቅ ተደነቀ፤ አንዱ ግርማቸውን፣ ሌላው የሐይቁን ጸዳል አመሰገነ። ባልየው ግን ስለ ውሃው መሸሽ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ረስቶት ነበር። ሚስትም ጀበናውን ለመጣድ ወደ ማንደጃው ዝቅ ባለች ጊዜ ነገሩ ትዝ አላትና፣ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ፣ «የግራሩን ጥላ በፎቶግራፍ አመጣን፤ ግራሩን ራሱን ደግሞ በጆንያ አመጣነው። ሰውዬው የላኩብንን መልእክት ብቻ እዚያው ጥለነው መጣን» አለችው። ክርክሩም በዚህ ተጀመረ።

የባልየውን መልስ እርሱ በነገረን ኃይል ሁሉ እናቀርበዋለን፤ በቀላሉ የሚናቅ አይደለምና። በመጀመሪያ፣ «ሐይቁን እኔ አላደረቅሁትም» ይላል። ውሃውን የቀነሱት ብዙ ምክንያቶች ናቸው፤ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ በሁለት ቀን ሽርሽር የዚህ ሁሉ ተጠያቂ ሊሆን አይገባም። ሁለተኛም፣ ከሰሉን የሸጠለት ልጅ በገንዘቡ ደብተር ይገዛበት ይሆናል፤ አልገዛም ብሎ ቢያልፍ ዛፉ አይበቅልም፣ ልጁ ግን ጾሙን ያድራል። ሦስተኛም፣ ስድስት ቀን ሲደክም የሰነበተ ሰው በሰባተኛው ቀን አንድ ያማረ ነገር በነጻ ልብ የማየት መብት አለው። ውበት ምንም አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው መታየትን ብቻ ነው።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ታላቅ ደጋፊ አለው። ጀርመናዊው ፈላስፋ አማኑኤል ካንት በ1790 እ.ኤ.አ. ስለ ፍርድ ኃይል ባሳተመው መጽሐፉ፣ አንድን ነገር ውብ ነው ብሎ የሚፈርድ ሰው ያን ነገር የራሱ ለማድረግም ሆነ ለመጠቀም የማይፈልግ መሆን እንዳለበት አስረድቷል። ሐይቁን አይቶ ስንት ሄክታር ያጠጣል ብሎ የሚያሰላ ሰው ውበቱን ገና አላየም። በዚህ አባባል ጎረቤታችን ንጹሕ ተመልካች ነበር ማለት ነው፤ ከሐይቁ ምንም አልፈለገምና።

እኛ ግን እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ተቀላቅለው እናያለን፤ እነርሱም ጥፋትና ዕዳ ናቸው። ባልየው ጥፋት የለብኝም ሲል እውነቱን ነው። ከዚህ ተነሥቶ ዕዳም የለብኝም ሲል ግን አንድ እርምጃ ዘልሏል። ብዙ ዕዳ ያለ ጥፋት ይመጣል። ወንድሙ የሞተበት ሰው የወንድሙን ልጆች ያሳድጋል፤ ወንድሙን የገደለው እርሱ ስለ ሆነ አይደለም። በመንገድ ላይ የጠፋ በግ ያገኘ ሰው ባለቤቱን ይፈልጋል፤ በጉን የሰረቀው እርሱ ስለ ሆነ አይደለም። በሉቃስ ወንጌል እንደ ተጻፈው፣ ወንበዴዎች ደብድበው በመንገድ ላይ የጣሉትን ሰው ካህኑና ሌዋዊው አይተውት አለፉ። የደበደቡት እነርሱ አልነበሩም። የተወቀሱት ስለ ደበደቡ ሳይሆን ስላዩ ነው፤ ባያዩ ኖሮ የሚወቅሳቸው አልነበረም።

ማየት የግል ሀብት አለመሆኑን የጥንቱ የአገራችን ሕግ አጥብቆ ያውቅ ነበር። ወንጀል በተፈጸመ ጊዜ አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ በሚባለው ሥርዓት የአካባቢው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ያየውንና የሰማውን እንዲያወጣ ይጠየቅ ነበር። ጉባኤው እስኪያበቃ ድረስ ሥራውም ቢፈታ፣ እርሻውም ቢቀርበት፣ ወደ ቤቱ መመለስ አይፈቀድለትም። ሥርዓቱ ጉድለት ነበረበት፤ ንጹሑንም ሰው ያጉላላ ነበርና እንዲመለስ አንመኝም። የቆመበት ሐሳብ ግን ትልቅ ነው። ያየ ሰው ምስክር ነው፤ ምስክርም የሚሆነው ስለ ወደደ ሳይሆን ስላየ ነው። ለአብያታው ሽማግሌ እንዲሁ ነበር። ከእንግዶቹ ገንዘብ አልጠየቁም፤ ውሃውን መልሱልኝም አላሉም። የጠየቁት ምስክርነትን ብቻ ነው።

ይህም ስለ እንግድነት እንድናስብ ያደርገናል። የቀድሞ መንገደኛ በመሸበት ስፍራ «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ» ብሎ ደጅ ይቆም ነበር፤ ባለቤቱም «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ያስገባው ነበር። እግሩ ታጥቦ፣ እራት ቀርቦለት ሲያበቃ እንግዳው ያለፈበትን አገር ወሬ ይናገራል፤ የት ዝናም እንደ ዘነበ፣ የት አንበጣ እንደ ወረደ፣ ማን እንደ ሞተ ያወራል። ወሬው የእራቱ ዋጋ ነበር ቢባል ስሕተት አይሆንም። መንገደኛ በዚህ ዓይነት የአንዱን አገር ችግር ለሌላው አገር የሚያደርስ መልእክተኛ ነበር። የዛሬው ተመልካች ግን የማንም እንግዳ ሳይሆን ማለፍ ይችላል። ነዳጁን ከማደያ፣ ምግቡን ከሆቴል፣ መኝታውንም በገንዘቡ ስለሚያገኝ፣ ያለፈበት አገር ሰው ያለው መሆኑን ሳያውቅ ሊመለስ ይቻለዋል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ማንንም መጠየቅ ስላላስፈለገው ነው። ሚስት በዚያን ዕለት «እንደምን አደሩ?» ብላ ባትወርድ ኖሮ ለሁለቱም አብያታ እስከ ዛሬ አንድ ያማረ ሥዕል ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር።

ጎረቤቶቻችን የሚኖሩበት ሰፈር ስም ደግሞ ከዚህ የከበደ ነገር ያስታውሰናል። ወሎ ሰፈር፣ ስሙ እንደሚነግረን፣ ከወሎ የመጡ ሰዎች የሰፈሩበት ነው። በወሎም በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ታላቅ ረኃብ በሆነ ጊዜ፣ ረኃብተኞቹ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ወጥተው መኪና እያስቆሙ ምግብ ይለምኑ ነበር። በዚያ መንገድ ላይ ነጋዴ ያልፍ ነበር፤ ሹም ያልፍ ነበር፤ አገር ጎብኚም ያልፍ ነበር። ብዙ ዓይን አየ፤ ያየውን የተናገረ ግን ጥቂት ነው። በ1965 ዓ.ም. ጥቂት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱ፤ ፎቶግራፎቹም በዩኒቨርሲቲው ለተማሪዎች ታዩ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው ፊልም በእንግሊዝ አገር ቴሌቪዥን ታይቶ ዓለም ነገሩን ሰማ። የእነዚህ ሰዎች መሣሪያ ጎረቤታችን በአብያታ ዳር ከያዘው መሣሪያ በዓይነቱ አይለይም፤ መንገዱም ሁሉ የሚያልፍበት መንገድ ነበር። ልዩነቱ ያዩትን እንደ አደራ መቁጠራቸው ነው።

የሐይቅ መሸሽ ከሰው ረኃብ ጋራ እኩል ነው ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ጥቂት ሲያዩ ዝም ማለትን የለመደ ዓይን ብዙ ባየ ጊዜ ይናገራል ብለን ተስፋ ማድረግ ያስቸግራል። ምስክርነትም እንደ ሌላው በጎ ጠባይ ሁሉ በትንሹ የሚለመድ ነገር ነው።

«እኛ ተመልካቾች ብቻ ነን» የሚለውን ቃልም እንደገና ብንመረምረው ሙሉ እውነት ሆኖ አናገኘውም። የመቂና የቀጠር ወንዞች ዝዋይ ሐይቅን ይመግባሉ፤ ከዝዋይም የቡልቡላ ወንዝ ወጥቶ ወደ አብያታ ይፈስሳል። ስለዚህ ከላይ ለመስኖ የተቀዳ ውሃ ሁሉ ከታች ለአብያታ የቀረበት ውሃ ነው። ከራሱ ከአብያታም ለሶዳ አሽ ሥራ ውሃ ሲሳብ ኖሯል። በዝዋይ ዳር የሚበቅለው ሽንኩርትና ቲማቲም ወደ አዲስ አበባ ገበያ ይመጣል። በዚያው በመስተዋት መሳይ ቤቶች ውስጥ የሚበቅለው ጽጌረዳ ደግሞ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ወደ ሆላንድ ይሄዳል፤ የወሎ ሰፈር ሰው ሌሊት የሚሰማው የአውሮፕላን ድምፅ አንዳንድ ጊዜ የዝዋይን ውሃ በአበባ መልክ ተሸክሞ የሚያልፍ ነው። ይህ ሥራ ለብዙ ሺህ ሰው እንጀራ ሆኗልና በጅምላ አንኮንነውም። የምንለው ይህን ብቻ ነው፤ ሐይቁን ለማየት ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር የተጓዘው ሰው ከጉዞው በፊትም ከሐይቁ ጋራ የተያያዘ ነበር። በወጡ ውስጥ የሐይቁ ውሃ አለ፤ በማንደጃው ውስጥ የዳርቻው ግራር አለ። ለማየት ሲሄድ ወደ ባዕድ አገር መሄዱ ሳይሆን የሚበላበትን ማዕድ ማየቱ ነው።

ቅዱስ አውግስጢኖስ በኑዛዜው መጽሐፍ ሰዎች ተራራውን፣ ማዕበሉንና ከዋክብትን ለማድነቅ ሲሄዱ ራሳቸውን ግን ቸል ብለው እንደሚያልፉ በማዘን ጽፏል። ኢጣሊያዊው ባለ ቅኔ ፔትራርክም በ1336 እ.ኤ.አ. ከወንድሙ ጋራ በደቡብ ፈረንሳይ ያለውን የቫንቱ ተራራ ወጥቶ፣ ከጫፉ ላይ ይህንኑ መጽሐፍ ቢገልጥ ያገኘው ያንኑ ቃል ነበርና አፍሮ ዝም ብሎ መውረዱን ተርኳል። ብዙዎች ይህን ታሪክ ሲያነቡ ከውጭው ዓለም ዓይንን ማንሣት ይገባል ብለው ይተረጉሙታል። እኛ ግን ለጎረቤቶቻችን ጉዳይ በሌላ መንገድ እንተረጉመዋለን። ባልየው የዘነጋው ሐይቁን አይደለም፤ ሐይቁን አድንቋል። የዘነጋው ራሱን ነው፤ ይኸውም በሐይቁ ሥዕል ውስጥ ራሱም የሚገኝ መሆኑን፣ ከመኪናው በስተኋላ ሁለት ጆንያ ጭኖ የሚሄድ ሰው መሆኑን ነው።

እንግዲህ ዕዳው ምን ያህል ነው? ሰው የማይከፍለውን ዕዳ መጫን ፍርድ አይባልም። አትሂዱ አንልም፤ ያላየ ሰው አይቆረቆርምና። ከሰል አትግዙ ብሎ መገዘትም ለእኛ ቀላል ነው፤ ኤሌክትሪክ በሚጠፋበት ሌሊት ልጇን የምታበላዋን እናትና፣ ከሰል ሸጦ ደብተር የሚገዛውን ልጅ ግን አይረዳም። የባልየው ሁለተኛ ክርክር በዚህ ረገድ ሳይሸነፍ ይቀራል፤ እኛም መልስ ያለን ሆነን አንቀርብም። ነገር ግን ልጁ ከከሰል ሌላ የሚሸጠው እንዳይኖረው ያደረገው ምን እንደ ሆነ መጠየቅ ከከሰሉ ዋጋ ጋራ አብሮ ሊታሰብ ይገባል። ገዝቶ ዝም ማለትና ገዝቶ መጠየቅ አንድ አይደሉም። የመንግሥት ሠራተኛ፣ አስተማሪ፣ ተማሪ የሆነ መንገደኛ ደግሞ ጥያቄውን የሚያቀርብበት ስፍራ አለው፤ አንዱ በጽሕፈት ቤቱ፣ አንዱ በመማሪያ ክፍሉ፣ አንዱ በጓደኞቹ መካከል።

የመናገር ጥቅሙ ምንድን ነው፣ ሐይቅ በወሬ አይሞላ ለሚሉን የሐረማያን ሐይቅ እናስታውሳቸዋለን። ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ሲሰጥ የኖረው ያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ደርቆ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ሆነ። የደረቀው በአንድ ሌሊት አይደለም፤ በየዓመቱ ሲሸሽ ብዙ መንገደኛ በዳሩ እያለፈ ያየው ነበር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ዝናም በረድቶ፣ በዙሪያው ባሉት ተራሮች በተሠራው የአፈርና የውሃ ጥበቃ ሥራ ምክንያት ውሃ ተመልሶ ታይቶበታል። ሐይቅ በወሬ አይሞላም፤ እርከን የሚሠራ ክንድ የሚነሣው ግን አስቀድሞ ነገሩን የተናገረ አፍና የሰማ ጆሮ ሲኖር ነው።

ስለ ጎረቤቶቻችን የመጨረሻውን እንናገር። ሚስት የሽማግሌውን ፎቶግራፍ ወደ ክፍሏ ወስዳ ለተማሪዎቿ አሳየቻቸው፤ የተናገሩትንም ነገረቻቸው። አንድ ተማሪ፣ «እናቴ ቡና የምታፈላበት ከሰል ከየት ይመጣል?» ብሎ ጠየቃት፤ እርስዋም ከራሷ ቤት ጀምራ መለሰችለት። ባልየው ለብዙ ቀን በነገሩ ተቀይሞ ነበር። ከዚያ በኋላ በአንድ እሑድ እኛው ራሳችን በቤቱ ሳለን አንድ እንግዳ ያን ሥዕል አንሥቶ አደነቀ። ባልየውም ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፣ «እኒህ የቆሙበት ስፍራ ቀድሞ ውሃ ነበር» አለ። ከዚያም ስለ ቡልቡላ ወንዝ፣ ስለ ዓሣው፣ ስለ ወፎቹ ይናገር ጀመር። ሚስቱ ስኒውን ስታቀርብ እጇ ጥቂት ቆመ፤ አንድም ቃል ግን አልጨመረችም።

እኛም በዚያን ጊዜ ያልሰጠነውን ፍርድ አሁን እንሰጣለን። ባልየው ከጥፋት ነጻ ነው፤ ዕዳ ግን ነበረበት፤ ዘግይቶም ቢሆን መክፈል ጀምሯል። ለማየት የሚነሣ ሰው ሁሉ በሰላም ሄዶ በሰላም ይመለስ፤ ፀሐዩም ውሃውም ደስ ያሰኘው። ከመንገድ ገብቶ ምን አየህ ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ ግን ያማረውን ብቻ መርጦ አይናገር። አገሩን ያሳዩት ሰዎች የላኩት መልእክት ካለ፣ እርሱንም አብሮ ያድርስ።